ቶም ሰማዕት ነው ወይስ ተገዢ? ስለ «አጎት ቶም ጎጆ» የተደረገ ውይይት

መክፈቻ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሃሪየት ቢቸር ስቶው ስለ አሜሪካ ባርነት የጻፈችውን ልብ ወለድ፣ «የአጎት ቶም ጎጆ»ን፣ ያነበባችሁ ካላችሁ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። የዋናው ሰው፣ የጥቁሩ ባሪያ የቶም ስም በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ስድብ ከሆነ ቆየ። ለነጭ የሚያጎበድድ፣ ወገኑን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው በዚህ ስም ይጠራል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ቶም ግን ወገኑን አሳልፎ አልሰጠም። የተገደለውም በዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሉዊዚያና ውስጥ፣ ቀይ ወንዝ አካባቢ፣ ሳይመን ሌግሪ የሚባል ክፉ ሰው የጥጥ እርሻ አለው። ቶም እዚያ ሁለት ጊዜ እምቢ ይላል። መጀመሪያ አንዲት አቅም ያነሳት ሴት ግረፍ ሲባል አይሆንም አለ። ሥጋዬን ገዝተህ ይሆናል፣ ነፍሴን የገዛት ግን ሌላ ነው፣ ዋጋዋም ተከፍሏል ያለውም ያኔ ነው። በኋላ ደግሞ ካሲና ኤመሊን የሚባሉ ሁለት ሴቶች ጠፉ። የት እንዳሉ ተጠየቀ። አላውቅም ብሎ እንኳ አልዋሸም። አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም አለ። ደብድበው ገደሉት።

የኔ አቋም ይህ ነው። የቶም ክርስትና አንገት ማስደፊያ አይደለም። እምቢ ለማለት አቅም የሰጠው እሱ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ክሩ እየረዘመ ስለሄደ፣ አዲስ የሚገቡ ሰዎችም የተመለሰ ጥያቄ ደግመው ስለሚጠይቁ፣ የተባለውን በየቁጥሩ አሰባስቤ ከታች አስቀምጫለሁ። የራሴንም አስተያየት ጣል አድርጌበታለሁ። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ በትሕትና ነው የገባችው። መጽሐፉን ያነበበችው ተማሪ ሳለች፣ ለልጆች ተብሎ በአጠረ እትም እንደሆነ ነገረችን። ትዝ የሚላት ከባርነት የምታመልጠው ኤላይዛ ልጇን ታቅፋ የኦሃዮን ወንዝ ከበረዶ ወደ በረዶ እየዘለለች ስትሻገር ነው። ጸሎቱን፣ መዝሙሩን፣ ጥቅሱን አታስታውስም። በአጠረው እትም ውስጥ አልነበረማ! ይሄ ብዙ ነገር ይገልጻል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ቶም መጽሐፍ ቅዱሱን የተቀማ ቶም ነው።

መልስ 2

ይኼኛው ስለ ደራሲዋ ሰፋ አድርጎ ጻፈ። ስቶው በ1811 ኮኔቲከት ውስጥ ተወለደች። አባቷ ላይማን ቢቸር ስመ ጥር ሰባኪ ነበር፤ ወንድሞቿም የአባታቸውን መንገድ ተከተሉ። ባሏ ካልቪን ስቶው የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር ነው። በ1849 ሲንሲናቲ ውስጥ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጇን ኮሌራ ነጠቃት። በዓመቱ፣ በ1850፣ ያመለጠ ባሪያን በሰሜን ግዛቶችም ቢሆን ማስጠለልን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ። በ1851 መጀመሪያ ሜይን ውስጥ፣ ብራንስዊክ በምትባል ከተማ፣ ቁርባን ላይ ሳለች አንድ ባሪያ ተገርፎ ሲሞት በዓይነ ሕሊናዋ ታያት። እንደ እሷ አነጋገር መጽሐፉ የተወለደው ከዚህ ነው። ጽሑፉ ከሰኔ 1851 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚታተም ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ወጣ። በመጋቢት 1852 መጽሐፍ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ብቻ 300,000 ያህል ቅጂ ተሸጠ።

መልስ 3 እና 4

ሦስተኛው መላሽ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበረው አብርሃም ሊንከን ስቶውን ሲያገኛት ይህን ትልቅ ጦርነት ያስነሳሽው ትንሿ ሴት አንቺ ነሽ ወይ ብሏታል የሚለውን ወሬ አመጣ። አራተኛው በጨዋ ቋንቋ አረመው። መገናኘታቸው እውነት ነው። ንግግሩን ግን በጊዜው የመዘገበ ሰው የለም፤ ወሬው በጽሑፍ የወጣው ሁለቱም ካለፉ በኋላ ነው። ስለዚህ ባናጣቅሰው ይሻላል።

መልስ 5

እዚህ ላይ ድምፁ ከረረ። አምስተኛው መላሽ በጥያቄዬም ተበሳጭቷል። ቶም ለነጭ አንባቢ ተብሎ የተሠራ፣ የማያስፈራ ጥቁር ነው ባይ ነው። ጥቁሩ አሜሪካዊ ደራሲ ጄምስ ቦልድዊን በ1949 ስለዚህ መጽሐፍ የጻፈውን ከባድ ትችት ጠቀሰ። ቦልድዊን እንደሚለው ስቶውን የሚያስጨንቃት የቶም ሰውነት ሳይሆን የኩነኔ ፍርሃት ነው። መላሹ ቀጠለና መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የባርነት መሣሪያ ነበር አለ። ማስረጃ ያደረገው በ1807 ለንደን ውስጥ ለባሪያዎች ተብሎ የታተመውን፣ የእስራኤል ከግብፅ መውጣት ተቆርጦ የወጣለትን መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

ማስረጃው የምር ነው። ማለፍ አይቻልም። ግን ያንኑ ነገር ገልብጣችሁ እዩት። ኦሪት ዘፀአት አደገኛ ባይሆን ኖሮ ለምን ይቆርጡታል?

መልስ 6

ስድስተኛዋ አንድ እርማት ጨመረች። የ1807ቱ እትም የተዘጋጀው ለእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች፣ ለካሪቢያን ደሴቶች ነው እንጂ ለአሜሪካ ደቡብ አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ የተሠራው ሌላ ነው። ናት ተርነር የተባለ ባሪያ በ1831 ቨርጂኒያ ውስጥ ካመፀ በኋላ በርከት ያሉ ግዛቶች ባሪያን ማንበብ ማስተማርን የሚከለክል ሕግ አጠበቁ። ተርነር ራሱ ሰባኪ ነበር።

ይህችው መላሽ ያነሳችው የንባብ ነገር ልቤን ነክቶታል። ቶም ከኬንታኪ ተሸጦ በሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ደቡብ ሲወሰድ በመርከቧ ላይ በተቆለሉት የጥጥ እስሮች መሐል ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱሱን ያነባል። ማንበብ የተማረው በትልቅነቱ ነው። ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ፣ አንዷን ቃል ከሌላዋ እየለየ፣ በለሆሳስ ያነባል። የሚያነበው ዮሐንስ 14ን ነው። ልባችሁ አይታወክ። በአባቴ ቤት ብዙ መኖሪያ አለ። የራሱ ጎጆ ውስጥ ሚስቱንና ልጆቹን ጥሎ የወጣ ሰው ነው ይህን የሚያነበው።

መልስ 7 እና 8

ሰባተኛው መላሽ አገልጋይ ይመስላል። ኤፌሶን 6ን እየጠቀሰ ሐዋርያው ባሪያዎችን ታዘዙ ማለቱን፣ የፊልሞናን መልእክት እየጠቀሰም ባሪያውን ወደ ጌታው መልሶ መላኩን አስታወሰ። መላሹ ባርነትን እየደገፈ አይደለም። የደቡብ ሰባኪዎች በምን እንደቆሙ እንድናውቅ ነው የፈለገው። ስምንተኛዋ ወዲያው ዘዳግም 23፥15ን አመጣች። ከጌታው ወደ አንተ ያመለጠውን ባሪያ አሳልፈህ አትስጠው ይላል። የባርነት ተቃዋሚዎች በ1850ው ሕግ ላይ ያነሱት ይህንን ነበር።

ከዚያ ወደ መጽሐፉ ተመለሰች። የኦሃዮው ሴናተር በርድ ያመለጡ ባሪያዎችን መርዳት የሚከለክል ሕግ ደግፎ ወደ ቤቱ ይመጣል። ሚስቱ ቁጡ ሴት አይደለችም። ግን ትሟገተዋለች። ፖለቲካ አላውቅም፣ መጽሐፍ ቅዱሴን ግን ማንበብ እችላለሁ፣ የተራበን አብላ፣ የታረዘን አልብስ ይላል ትለዋለች። ክርክሩ ሳያልቅ ኤላይዛ እግሯ እየደማ ወጥ ቤታቸው ትደርሳለች። ሴትዮዋ ተነሥታ አንድ መሳቢያ ትከፍታለች። የሞተው ልጇ ልብስ ያለበት ነው። ትናንሽ ኮቶች፣ የተጣጠፉ ልብሶች፣ ጫፋቸው ያለቀ ትናንሽ ጫማዎች፣ መጫወቻ ፈረስ። እያለቀሰች ትመርጥና ለኤላይዛ ልጅ ታዘጋጃለች። ሴናተሩም በዚያው ሌሊት፣ በጭቃ መንገድ፣ የራሱን ሕግ ጥሶ በሠረገላው ያሸሻቸዋል።

መልስ 2ን አስታውሱ። ስቶው ይህን የጻፈችው የራሷን ሕፃን ከቀበረች ገና ብዙም ሳትቆይ ነው። ማቴዎስ 25 እዚያ መሳቢያ ውስጥ አለ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

መልስ 9 እና 10

ዘጠነኛው መላሽ የመርከቡን ምዕራፍ፣ 12ኛውን፣ አነሳ። ተሳፋሪዎች ስለ ባርነት ይጨዋወታሉ። አንድ ቄስ በኖኅ አፍ የተነገረውን፣ ከነዓን ርጉም ይሁን የሚለውን ጠቅሶ ጥቁር ለአገልጋይነት የተፈጠረ ነው ይላል። ሌላ ወጣት ደግሞ ሰዎች ሊያደርጉላችሁ የምትወዱትን እናንተ አድርጉላቸው የሚለውን የጌታን ቃል ይመልስለታል። በዚያችው መርከብ ላይ አንዲት እናት ሕፃኗ ተሽጦባት፣ ሌሊት ወንዙ ውስጥ ዘላ ትሞታለች። የምዕራፉ መግቢያ ጥቅስ የኤርምያስ ነው። ራሔል ስለ ልጆቿ ታለቅሳለች፣ መጽናናትንም እንቢ አለች።

አሥረኛው እንደ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ነገር ጨመረ። እርግማኑ የወረደው በከነዓን ላይ ነው። ኩሽ የካም ሌላ ልጅ ነው፤ ዘፍጥረት 9 ስሙን እንኳ አያነሳም። የባሪያ ነጋዴዎች ቄስ አንድን እርግማን ወስዶ አፍሪካን በሙሉ አለበሰው። ልክ ነው። ለዚህ ነገር ዕብራይስጥ ማወቅ አያስፈልግም፤ ምዕራፉን ማንበብ ይበቃል።

መልስ 11

አጭር ናት፣ ግን ጥሩ ነገር አምጥታለች። የቶም ሁለተኛ ጌታ፣ ኦገስቲን ሴንት ክሌር፣ ሚስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ሰባኪው ባርነትን በመክብብ ሲደግፍ እንደሰማች ስትነግረው ምን ይላል? የጥጥ ዋጋ ለዘለቄታው ቢወድቅ ቤተ ክርስቲያኖቹ ሌላ ትርጓሜ አያጡም ነው መልሱ። ስቶው ይህን ያናገረችው አማኝ ነኝ የማይለውን ሰው ነው። ድፍረት ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ በራሷ ስም ትናገራለች። ሰሜንም ደቡብም ጥፋተኛ ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም ከባድ ሒሳብ አለባት ትላለች። ይህ መጽሐፍ የሚሳደበው ሌግሪን ብቻ መስሎት የሚያልፍ አንባቢ ግማሹን አላነበበም።

መልስ 12 እና 13

አሥራ ሁለተኛዋ እህት ስለ መጽሐፉ አልጀመረችም። ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታለች። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይዛባት ነበር። በሻንጣዋ ይዛ የሄደችው ትንሽ ዳዊት ነበረች። ሥራ ሲያልቅ ሌሊት ነው። መግለጥ እየፈለገች ዓይኗ ይከደናል። ከዚያ የቶምን አንድ ቦታ አስታወሰችን። ሌግሪ እርሻ ላይ ባሪያዎቹ ቀኑን ሙሉ ጥጥ ለቅመው፣ ማታ በቆሏቸውን ራሳቸው ፈጭተው ነው የሚበሉት። ወፍጮው ጥቂት፣ ተራው ረጅም። ቶም ሁለት የዛሉ ሴቶች አይቶ ፈጨላቸው። እነሱም በፈንታው ቂጣውን ጋገሩለት። በእሳቱ ብርሃን መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ፣ እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ወደ እኔ ኑ የሚለውን ሲያነብላቸው አንዷ ቃሉ ደስ አላት። ግን ይህን የተናገረው የት ነው ያለው ብላ ጠየቀች። እዚህማ የለም አለች ሌላዋ።

እህታችን መጽሐፉ እውነተኛ መሆኑን ያወቀችው እዚህ ላይ ነው። ስቶው የሴትዮዋን ጥያቄ አላፈነችም። ቶምም ራሱ በዚያ ሌሊት ይጨነቅበታል።

አሥራ ሦስተኛው መላሽ ደመወዝ የሚከፈለውን ሥራ ከባርነት ጋር ማወዳደር ነውር ነው ብሎ ቆጣ አለ። ልዩነቱን ማንም አልካደም። እሷ የጻፈችው ስለ ድካምና ስለ ጸሎት ነው። ቁጣው ቦታውን የሳተ ነበር።

መልስ 14 እስከ 18

ክሩ ከመስመር ወጣ። አንዱ ስለ ኩዌከሮቹ፣ ያመለጡትን ስለሚያስጠልሉት የክርስቲያን ማኅበር ሰዎች፣ ቤት ሲጽፍ ተጀመረ። ያመለጠው የኤላይዛ ባል ጆርጅ ሃሪስ፣ በእግዚአብሔር ማመን ያቃተው ሰው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነጭ ጋር እኩል ማዕድ ቀረበ። ሲሜዮን የሚባለው ባለቤትም የክፉዎችን ደኅንነት አይቼ ቀናሁ የሚለውን መዝሙር አነበበለት። መላሹ መዝሙር 73 ብሎ ጻፈ። ሌላው 72 ነው አለ። ከዚያማ ስለ ቁጥር ብቻ ሆነ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የግዕዙ ዳዊት ቁጥር የሰባ ሊቃናትን ይከተላል፣ ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ ያለው ደግሞ የዕብራይስጡን። በመሐል አንዷ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች የሚለው መዝሙር በጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት እንዴት ተስፋ እንደነበረ ጽፋ ወደ ቁም ነገር መለሰችን። አመሰግናታለሁ።

መልስ 19 እስከ 22

ጠቡ እዚህ ነው። አሥራ ዘጠነኛው የአሜሪካንን ባርነት እያወራን የራሳችንን ለምን እንረሳለን አለ። ሃያኛው ይህ ለአገር ጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው ብሎ ተነሣ። እርስዎ ሲባባሉ የነበሩ ሰዎች በሁለተኛው ዙር አንተ መባባል ጀመሩ። ሃያ አንደኛዋ በእርጋታ መረጃ አስቀመጠች። ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነፃ ነው፣ ለሌላው አገልጋይ ያደረገው ጦርነት ነው ይላል። ስለ ባሪያ አያያዝና ነፃ ስለማውጣትም ይደነግጋል። ሥርዓቱ ግን ቆየ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በ1916 ዓ.ም. ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ ወጣ። ፈጽሞ የከለከለው የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሃያ ሁለተኛው መልስ የአወያዩ ነበር፤ ስድብ ያለባቸውን ሁለት አስተያየቶች አነሳ።

እኔ ከአሥራ ዘጠነኛው ጋር ነኝ። ስቶው የሰሜኑን አንባቢ በደቡብ ላይ ጣት ጠቁሞ እንዲያልፍ አልፈቀደችለትም። ሌግሪን እንኳ የኒው ኢንግላንድ ተወላጅ አደረገችው። እኛም ብንሆን ልናልፍ አይገባም።

መልስ 23 እና 24

ሃያ ሦስተኛው የመጽሐፉን እውነተኛ ድካም ዘረዘረ። ስቶው ጥቁሮችን በተፈጥሯቸው ገር፣ ለሃይማኖት የቀረቡ አድርጋ ታያለች። ትንሿን ባሪያ ልጅ ቶፕሲን ስትስል ታስቃለች፣ ሳቁ ግን ያማል። ጆርጅ ሃሪስንም በመጨረሻ ከአሜሪካ አውጥታ ወደ አፍሪካ፣ ወደ ላይቤሪያ ትልከዋለች። በዘመኑ የነበሩ ጥቁር መሪዎች በዚህ ቅር ተሰኝተዋል። ሃያ አራተኛዋ ደግሞ የስድቡ ምንጭ መድረክ ነው አለች። ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በሚጫወቱት ቴአትር ቶም ጎብጦ የሚያስቅ ሽማግሌ ሆነ። በመጽሐፉ ግን ትከሻው የሰፋ፣ ጉልበተኛ፣ ትንንሽ ልጆች ያሉት አባት ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም።

መልስ 25

የመጨረሻው መላሽ ከአምስተኛው ጋር ቢስማማም በጨዋነት ነው የጻፈው። ጥያቄው ከሁሉም የከበደ ነው። ካሲ አንድ ሌሊት ወደ ቶም ትመጣለች። ሌግሪ ሰክሮ ተኝቷል፣ በሩ ክፍት ነው፣ መጥረቢያም አለ። ቶም ከለከላት። ደም ሳታፈሺ ማምለጥ ከቻልሽ ግን ሂጂ ብሎ መከራት። አንተስ ስትለው፣ ጌታ በእነዚህ ምስኪኖች መሐል ሥራ ሰጥቶኛል፣ እቀራለሁ አለ። መላሹ የሚጠይቀው ይህን ነው። ለምን አብሮ አልሄደም? ሙሴም እኮ ወጣ። ደራሲዋ ጥቁሩን ሰው ለመስቀል ብቻ ለምን መረጠችው?

የኔ መልስ

ስቶው መስቀሉን ብቻ አልመረጠችም። ኤላይዛና ጆርጅ የዘፀአትን መንገድ ሄዱ። ደራሲዋ ራሷ የኦሃዮን ወንዝ ከዮርዳኖስ ጋር አመሳስላ፣ ማዶውን የነፃነት ከነዓን አድርጋዋለች። ጆርጅ አሳዳጆቹ ላይ ሽጉጥ ተኩሷል፤ መጽሐፉ አልኮነነውም። ካሲና ኤመሊንም አምልጠዋል፤ ያመለጡትም ቶም አፉን ስለዘጋ ነው። ሲደበድቡት የነበሩት ሁለቱ ባሪያዎች፣ ሳምቦና ኩዊምቦ፣ በሞቱ አጠገብ ተንበርክከው ኢየሱስ ማነው ብለው ጠየቁት። የኬንታኪው ጌታው ልጅ ጆርጅ ሸልቢ በመቃብሩ ላይ ማለ፤ ቤቱ ሲመለስ ባሪያዎቹን በሙሉ ነፃ አወጣ።

የቶም መቅረት የራሱ ምርጫ ነው፤ ለሌላው ሕግ አላደረገውም። ይህን ለማየት ወደ መጽሐፉ መጀመሪያ፣ ወደ 5ኛው ምዕራፍ ሂዱ። ኤላይዛ ሌሊት ጎጆውን አንኳኩታ ልጄም ቶምም ተሸጠዋል ስትል፣ ሚስቱ ክሎዊ አንተም አብረሃት ሂድ አለችው። ቶም እኔ ብሸጥ ሌሎቹ ሁሉ ከመሸጥ ይድናሉ ብሎ ቀረ። ኤላይዛ ግን ትሂድ፣ መብቷ ነው አለ።